የአዝቴክ የጦር ማዕረግ፦ «አራት ምርኮ ሲሞላ ጃጓር» የሚለው ሠንጠረዥ ምን ይጎድለዋል?

#1 የብራና ልጅ

በየገጹ የሚዘዋወር አንድ ሠንጠረዥ አለ። አንድ የማረከ ይህን ይለብሳል፣ ሁለት የማረከ ያንን፣ አራት ሲሞላ «ጃጓር» ይባላል፣ ቀጥሎ «ንስር»፣ በመጨረሻ የጦር አለቃ። መነሻው የሜንዶሳ ኮዴክስ ቅጠል 64 የፊት ገጽ ነው። ኮዴክሱ፣ ማለትም የሥዕል መጽሐፉ፣ በ1541 አካባቢ ሜክሲኮ ውስጥ ተሥሎ ዛሬ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው ነው። ገጹ ግሩም ምንጭ ነው፤ የተበላሸው አነባበቡ ነው። ሠንጠረዡ በሜዳ ሥራ የሚገኘውን ክብር፣ ሰው የሚያዝዙበትን ሹመትና በትውልድ የሚመጣውን ደረጃ አንድ ላይ ቀላቅሎ እንደ አንድ መሰላል ያቀርባቸዋል።

ሥዕሉን ራሱን ከፍታችሁ ተከታተሉ። እያንዳንዱ ተዋጊ ምርኮኛውን ፀጉሩን ጨብጦ ይዞታል፤ በናዋ፣ ማለትም በአዝቴኮችና በቋንቋ ዘመዶቻቸው፣ ሥዕል «ማረከ» ማለት እንደዚህ ነው። ከተዋጊው አጠገብ ለብቻው የተሣለው ጨርቅ የሽልማቱ ካባ ነው። የጦር ልብሱ ለሜዳ፣ ካባው ለከተማ ነው፤ ሠንጠረዥ የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ካባውን ይተዉታል። በከተማ ግን የሰውየው ማንነት የሚታወቀው በካባው ነበር።

አንድ የማረከው የለበሰው ጌጥ የሌለው የጥጥ ጥሩር ነው፤ ካባው የአበባ ጥለት አለው። ሁለት የማረከው ክዌሽቴካትል የሚባለውን፣ ረጅም ሹል ቆብ ያለውን ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ካባው ጠርዙ ቀይ ነው። ሦስት የማረከው ፓፓሎትል የሚባለውን የቢራቢሮ ምልክት በጀርባው አዝሏል። አራት የማረከው የጃጓር ልብስ ከነራስ ቁሩ አለው፤ ካባው ጥቁርና ብርቱካንማ ነው። ከዚያ ወዲያ ኦቶሚና ክዋቺክ ይከተላሉ። በመጨረሻ ረጅም ካባ የለበሰ፣ ፀጉሩን ኬትሳል በሚባለው ወፍ አረንጓዴ ላባ ያሰረ ሰው አለ፤ ስሙ ትላካቴካትል ተብሎ ተጽፏል።

ይህን የመጨረሻውን ሰው ልብ በሉት። ምርኮኛ አልያዘም፣ የጦር ልብስም አልለበሰም። እሱ ሹም ነው፤ «ሰባተኛ ምርኮ» ብሎ ከቀሩት ጋር መደርደር አይቻልም።

ስለ ምርኮ አቆጣጠሩ፣ ስለ ሹመቶቹና ስለ ልብሱ አሠራር የምታውቁ ጨምሩበት።

#2 ሐይቅዳር

አቆጣጠሩን ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በሜሺካዎች፣ ማለትም በአዝቴኮቹ ዋና ከተማ ሰዎች፣ ዘንድ ግዳይ ጥሎ መመለስ ብቻውን ማዕረግ አያስገኝም። የሚቆጠረው በሕይወት ተይዞ የመጣ ሰው ነው።

የ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናዊ መነኩሴ ሳአጉን በፍሎረንቲን ኮዴክስ ስምንተኛ መጽሐፍ የልጁን መንገድ ከፀጉሩ ጀምሮ ይዘረዝረዋል። አሥር ዓመት ሲሞላው ከማጅራቱ በላይ ቁንጮ ይተዉለታል። በ15 ቁንጮው ይረዝማል። በ20 ዓመቱ ወደ ጦርነት ይወጣል። ቁንጮው የሚቆረጠው ምርኮ ሲያመጣ ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ዘምቶ ባዶ እጁን ከተመለሰ ያው ቁንጮ መሰደቢያው ይሆናል። በሰፈሩ የሚያየው ሁሉ ምን እንዳጎደለ ሳይጠይቅ ያውቃል።

ጀማሪ ብቻውን ሰው መያዝ ስለሚከብደው በቡድን መያዝ ተፈቅዷል፤ እስከ ስድስት ሰው ድረስ። ክፍፍሉ ግን ቁርጥ ያለ ነው፦

ዋናው ማራኪ ገላውንና ቀኝ ጭኑን ይወስዳል። ሁለተኛው ግራ ጭኑን፣ ሦስተኛው የቀኝ ክንዱን ላይኛ ክፍል፣ አራተኛው የግራውን ላይኛ፣ አምስተኛው የቀኙን ታችኛ፣ ስድስተኛው የግራውን ታችኛ ክፍል ያገኛል። ምርኮኛው ከተሠዋ በኋላ ሥጋው የሚከፋፈለው በዚሁ ቅደም ተከተል ስለሆነ ክፍፍሉ በዚያው ማን ምን እንደሠራ የሚመሰክር መዝገብ ነው። ማራኪው ራሱ ግን ከራሱ ምርኮኛ አይበላም ነበር፤ በማራኪና በምርኮኛ መካከል የአባትና የልጅ ያህል ዝምድና እንደተፈጠረ ይቆጠር ነበርና።

በቡድን የያዘ ልጅ ቁንጮው ተቆርጦ ፀጉሩ በአንድ ወገን ጆሮው ላይ እንዲወርድ ይደረጋል። ከልጅነት ወጣ እንጂ ገና ሙሉ ተዋጊ አይባልም። ሙሉ ስም የሚያገኘው ብቻውን የያዘ ነው፤ ቴልፖችያኪ ትላማኒ ይባላል። በንጉሡ ፊት ይቀርባል፣ ፊቱን ቀይ፣ ጆሮ ግንዱን ቢጫ ይቀቡታል፣ ካባና የወገብ ጨርቅ ይሸለማል።

#3 ማለዳ

ሐይቅዳር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ በጣም ግልጽ ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ። ምርኮ ይህን ያህል ዋጋ ካለው የሌላውን ምርኮኛ «የኔ ነው» የሚል አይጠፋም። እሱን እንዴት ይቆጣጠሩት ነበር? ወንድም ለወንድሙ አሳልፎ ቢሰጥስ?

#4 ሐይቅዳር

ሁለቱም በሞት ያስቀጣሉ፤ የሌላውን ምርኮ የነጠቀም፣ የራሱን ምርኮ ለሌላ የሰጠም። ሁለተኛውን ሰዎች ጭካኔ ብቻ አድርገው ያዩታል። ይሁን እንጂ በስጦታ የተገኘ ምርኮ ቢፈቀድ ባለጠጋ አባት ለልጁ ማዕረግ ይገዛለት ነበር፤ ካባውም፣ ቆቡም፣ የፀጉር አቆራረጡም የሚመሰክሩት ነገር አይኖራቸውም። ክርክር ሲነሳ አለቆች ምስክር ሰምተው ይፈርዳሉ፤ ምርኮኛው ራሱም ማን እንደያዘው ይጠየቃል።

ደረጃዎቹንም ልጨርስ። ሁለት የማረከ ቤተ መንግሥት ይገባል። ሦስት የማረከ በቴልፖችካሊ፣ ማለትም በሰፈሩ የወጣቶች ቤት፣ ሌሎችን የሚያሠለጥን ቲያችካው ይሆናል። አራት የማረከ ፀጉሩ በአንጋፋ ተዋጊ ወግ ይቆረጥለታል፤ ቴኪዋ ይባላል፣ በንስር ቤት በምንጣፍና በመቀመጫ የመቀመጥ መብት ያገኛል። ትልቁ ገደብ ይህ አራተኛው ነው። ከዚህ በታች ያለው ተሸላሚ ወጣት ነው፤ ከዚህ በላይ ያለው በምክር የሚቀመጥ ሰው ነው።

#5 አምባ ነጋሪት

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ይጨመር፤ ሠንጠረዡን ከሥሩ የሚያናጋው እሱ ነው። ምርኮኞች እኩል አይቆጠሩም ነበር። ከየት መጣ የሚለው ስንት መጣ ከሚለው ይበልጣል።

በዚያው ስምንተኛ መጽሐፍ በግልጽ ተጽፏል፦ ሰውየው ስድስት ወይም አሥር ዋሽቴክ ቢያመጣ ስሙ ከቴኪዋ አያልፍም። ከአትሊሽኮ፣ ከዌሾትሲንኮ ወይም ከትሊሊውኪቴፔክ የመጣ ምርኮ ግን ከፍ ያለ ክብር ያስገኛል። ከእነዚህ አምስት ያመጣ ክዋውያካትል ይባላል፤ ሰማያዊ የከንፈር ጌጥና ሁለት የኬትሳል ላባ ጉንጉን ያለው የራስ ማሰሪያ ይሰጠዋል።

ለምን? ዋሽቴኮች በባሕረ ሰላጤው በኩል፣ በሌላ ቋንቋና በሌላ የውጊያ ልማድ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ዌሾትሲንኮና አትሊሽኮ፣ እንዲሁም ትላሽካላ፣ ከተራራው ማዶ በስተምሥራቅ ያሉ ናቸው፤ ቋንቋቸው ናዋትል፣ መሣሪያቸውና ሥልጠናቸው ከሜሺካዎቹ ጋር አንድ ነው። «የአበባ ጦርነት» የሚባለው ሾቺያዮዮትል የሚካሄደው በዋናነት ከእነሱ ጋር ነበር። እዚያ ሄዶ ሰው በሕይወት ይዞ መመለስ እኩያን በእኩያ መሣሪያ ማሸነፍ ነው።

ሌላው ምክንያት ርቀት ነው። ምርኮኛ መብላትና መጠበቅ አለበት፣ በእግሩም የሜሺካዎቹ ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን መድረስ አለበት። ከቅርብ ጦር ሜዳ የተያዘ ሰው ይደርሳል፤ ከሩቅ ዘመቻ የተያዘው በመንገድ የመሞቱ ወይም የማምለጡ ዕድል ይሰፋል።

#6 ማለዳ

እንዲህ ከሆነ ዋሽቴክ ማርኮ ያን ያህል ክብር የማያገኝ ሰው ለምን የዋሽቴክ ስም ያለው ልብስ ይለብሳል? ክዌሽቴካትል «ዋሽቴክ» ማለት ነው አይደል?

#7 ቋጥኝ

ነው። ዋሽቴኮች የተሸነፉት በቀዳማዊ ሞክቴሱማ (1440–1469) ዘመን ነው። ሹል ቆቡ፣ በአፍንጫ የሚሰካው የጨረቃ ቅርጽ ጌጥና በልብሱ ላይ ያሉት ጥቋቁር ጭረቶች ከተሸነፈው ሕዝብ አለባበስ የተወሰዱ ናቸው። የአሸናፊ ልብስ ነው እንጂ «ዋሽቴክ የማረከ» የሚል የምስክር ወረቀት አይደለም። ደግሞም በሜንዶሳ የግብር ገጾች ከሁሉ በብዛት የሚታየው የጦር ልብስ ይኸው ነው፤ በቀይ፣ በቢጫ፣ በሰማያዊ፣ በነጭ። ክፍለ ሀገሮች በየዓመቱ ከነጋሻው ሠርተው ያስገቡ ነበር። ሁለት ምርኮ ያላቸው ሰዎች ብዙ ስለነበሩ የሚሸለመውም ብዙ መሆን ነበረበት።

አሁን ወደ ጃጓርና ንስር ልግባ፤ ሳይነካ ማለፍ የለበትም።

«የንስርና የጃጓር ባላባቶች» የሚለው አጠራር ስፔናውያን ከራሳቸው አገር የባላባት ማኅበር ጋር አመሳስለው የተናገሩት ነው። በናዋትል «ክዋውትሊ ኦሴሎትል»፣ ማለትም ንስርና ጃጓር፣ ሁለቱ ቃላት በአንድነት ሲነገሩ «ጀግና ተዋጊ» የሚል አንድ ትርጉም ይሰጣሉ። በሥርዓቶችም ላይ ጥንድ ሆነው ይታያሉ። በትላካሺፔዋሊስትሊ በዓል የታወቀ ምርኮኛ ከክብ ድንጋይ ጋር ታስሮ፣ ስለት በሌለውና ላባ በተለጠፈበት መሣሪያ ሲዋጋ የሚገጥሙት ሁለት ንስሮችና ሁለት ጃጓሮች በየተራ ነበሩ።

ንስር ከጃጓር በላይ የሆነ ማዕረግ ነው የሚለው ግን በሜንዶሳ ገጽ ላይ የለም። ጃጓር በአራት ምርኮ ላይ አለ፤ ንስር በተዋጊዎቹ ዝርዝርም በግብር ልብሶቹም አይታይም። «ሐውልቶቹስ?» ትሉ ይሆናል። ከታላቁ ቤተ መቅደስ በስተሰሜን ባለው የንስሮች ቤት የተገኙት፣ የሰው ቁመት ያላቸው ሁለት የሸክላ ምስሎች ንስር ለባሽ ናቸው። ቦታውን ካጠኑት አርኪዮሎጂስቶች መካከል ግን ምስሎቹ ተዋጊን ሳይሆን የምትወጣውን ፀሐይ ያሳያሉ የሚሉ አሉ። በማሊናልኮ ከዓለት የተፈለፈለው ቤተ መቅደስ ውስጥም ንስርና ጃጓር አንድ ላይ ተቀርጸዋል፤ አንዱ ከሌላው በላይ ሆኖ አይደለም።

ስለዚህ ሥዕል የምትሠሩ፣ ንስሩን ከጃጓሩ በላይ አታስቀምጡት።

#8 ዘርዓ ታሪክ

በእርግጥ ከጃጓር በላይ ያሉት ሁለቱ፣ ኦቶሚና ክዋቺክ፣ ከሁሉ ያነሰ የሚነገርላቸው ናቸው። ከሁሉ የሚፈሩት ግን እነሱ ነበሩ።

ኦቶሚ ስሙን ያገኘው በጀግንነት ከሚታወቀው የኦቶሚ ሕዝብ ነው፤ ባለማዕረጉ ግን ሜሺካ ነው። በሜንዶሳ አረንጓዴ ልብስ ለብሶ፣ ሾፒሊ የሚባለውን የጥፍር ቅርጽ ምልክት በጀርባው አዝሎ ይታያል።

ክዋቺክ ራሱ የተላጨ ነው። መነኩሴው ታሪክ ጸሐፊ ዱራን እንደጻፈው ከግራ ጆሮው በላይ የአውራ ጣት ውፍረት ያላት ጉንጉን በቀይ ጥብጣብ ታስራ ትቀርለታለች፤ የራሱ ግማሽ ሰማያዊ፣ ሌላው ግማሽ ቀይ ወይም ቢጫ ይቀባል። ልብሱ ቢጫ ነው፤ ፓሚትል የሚባል ሰንደቅ በጀርባው ይቆማል። መሐላው፣ ጠላት ሃያ ቢሆንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለማለት ነው።

ይህ መሐላ በውጊያ አሰላለፍ ላይ ቀጥተኛ ጥቅም አለው። በጥንድ ይሰለፋሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው አይሸሽም። ሠራዊቱ ሲያፈገፍግ ከኋላ ሆነው ጠላትን የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ሳአጉን በግልጽ ይለያቸዋል፦ ክዋቺክና ኦቶሚ ለሜዳ እንጂ ለአገር አስተዳደርና ለፍርድ አይሾሙም ነበር። ወደ ኋላ የማይል ሰው ሠራዊት እንዲመራ አይደረግም፤ መሪ መቼ ማፈግፈግ እንዳለበት ማወቅ አለበትና።

ዋጋውም ከባድ ነበር። ንጉሥ አሻያካትል በ1470ዎቹ መጨረሻ በምዕራብ ባሉት በታራስካኖች ላይ ሲዘምት፣ ዱራን 24,000 ሰው ይዞ እንደሄደ ይጽፋል፤ የገጠመው ኃይል ከእሱ እጅግ የበዛ ነበር። ከወደቁት መካከል ብዙዎቹ እነዚሁ ወደ ኋላ የማይሉት ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ለማፍራት ዓመታት ስለሚፈጅ ጉዳቱ በአንድ ዘመን የሚሞላ አልነበረም።

#9 አምባ ነጋሪት

ዘርዓ ታሪክ የለያቸው ነገር ለሹመቶቹ በር ይከፍታል።

ከላይ ትላቶዋኒው፣ ንጉሡ፣ አለ፤ ዋናው የጦር አዛዥም እሱ ነው። ከጎኑ ሲዋኮዋትል አለ፤ ንጉሡ ሲዘምት ከተማውን የሚጠብቅ፣ ፍርድና ግምጃ ቤት የሚመራ። በዚህ ሹመት ከሁሉ የታወቀው ትላካኤሌል ነው። በ1428 አስካፖትሳልኮ ተሸንፋ የቴኖችቲትላን፣ የቴሽኮኮና የትላኮፓን ኅብረት ሲመሠረት፣ በንጉሥ ኢትስኮዋትል ዘመን ሹመቶቹና ማዕረጎቹ በአዲስ መልክ ተደራጁ። ንጉሡን የሚያማክሩ አራት ታላላቅ ሹሞችም ቆሙ፦ ትላኮችካልካትል፣ ትላካቴካትል፣ ኤስዋዋካትልና ትሊላንካልኪ። አዲስ ንጉሥ የሚመረጠው ከእነዚህ አራት ነው፤ አብዛኞቹ ነገሥታትም ከመንገሣቸው በፊት ከሁለቱ የጦር ሹመቶች አንዱን ይዘው ነበር።

ትላኮችካልካትል ስሙ ከትላኮችካልኮ፣ ከጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱ፣ ጋር የተያያዘ ነው። ትላካቴካትል ሰው የሚያሰልፍና የሚያዝዝ ነው። ንጉሡ በማይወጣበት ዘመቻ ሠራዊቱን የሚመሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሳአጉን አንድ ቁምነገር ይጨምራል፦ ከሁለቱ አንዱ ከመኳንንት ወገን፣ ሌላው በጦር ሜዳ ያደገ ሰው ይሆናል። ትውልድም ሥራም ከላይኛው ወንበር ላይ ይወከላሉ ማለት ነው።

ከታች ያለው አደረጃጀት በሃያ የሚቆጠር ነው። 20፣ ከዚያ 400፣ ከዚያ 8,000፤ ይህ የመጨረሻው ሺኪፒሊ ይባላል። እያንዳንዱ ካልፑሊ፣ ማለትም ሰፈር፣ የራሱን ሰዎች በራሱ አለቃና ሰንደቅ ያሰልፋል። በጉዞ ላይ የአማልክቱን ምስል የተሸከሙ ካህናት አንድ ቀን ቀድመው ይሄዳሉ። በማግሥቱ አንጋፋዎቹ ቴኪዋዎች፣ ከዚያ የቴኖችቲትላን ሰዎች፣ ከዚያ የጎረቤቷ ከተማ ትላቴሎልኮ፣ አኮልዋ፣ ቴፓኔካና ክፍለ ሀገሮች በየቀኑ ተራ በተራ ይወጣሉ። ይህ ለይስሙላ አይደለም። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጠባብ መንገድ በአንድ ቀን ቢወጣ የመጀመሪያው ሲሰፍር የመጨረሻው ገና አልተንቀሳቀሰም። የጭነት ከብትም የለም፤ ስንቁ በሰው ጀርባ ነው፣ አንድ ተሸካሚ ወደ 23 ኪሎ ገደማ።

ንጉሡም ከምርኮ ሕግ ነፃ አይደለም። አዲስ ንጉሥ ለበዓለ ንግሡ ዘምቶ ምርኮኛ ማምጣት አለበት። ቲሶክ በ1481 ነግሦ ሜትስቲትላን ላይ ዘመተ፤ ዱራን 300 ሰው አጥቶ 40 ምርኮኛ እንዳመጣ ይናገራል። ስሙ ከዚያ በኋላ አላንሰራራም፤ አምስት ዓመት ነግሦ ሞተ። ተከታዩ አዊትሶትል ወዲያው በተከታታይ ዘመቻ የጀመረው ያንን ክስረት ለመካስ ነው።

#10 ማለዳ

ከተራ ቤት የተወለደ ሰው እስከ የት ይደርሳል የሚለውም መልስ ይሻል። የራሴን ግምገማ ላስቀምጥ፦ በሩ ክፍት ነበር፤ ግን ስፋቱ ከንጉሥ ንጉሥ ይለያይ ነበር።

በቀዳማዊ ሞክቴሱማ ሕግ ተራ ሰው ጥጥ አይለብስም፤ ካባው ከጉልበቱ አይወርድም፤ ከጉልበቱ ወርዶ የተገኘ እግሩ ላይ የጦር ቁስል ከሌለው በሞት ይቀጣል። ቁስል ያለበት ግን እንዲሸፍነው ይፈቀድለታል። በጦር ሜዳ የላቀ ተራ ሰው ክዋውፒሊ ይሆናል፤ «የንስር መኮንን» እንደማለት። ጥጥ ይለብሳል፣ ቤተ መንግሥት ይበላል፣ በሌላው ላይ የተከለከለውን መጠጥ በይፋ ይጠጣል፣ ዕቁባቶች ይይዛል፣ ከግብር ነፃ ይሆናል፣ መሬት ይሰጠዋል፣ ክብሩም ለልጆቹ ይተርፋል።

ዳግማዊ ሞክቴሱማ በ1502 ሲነግሥ ግን አዊትሶትል የሾማቸውን ከዝቅተኛ ወገን የመጡ የቤተ መንግሥት ሰዎች አስወጥቶ በመኳንንት ልጆች ተካቸው። የክዋውፒሊ በር ሙሉ በሙሉ ባይዘጋም ጠበበ። አሳዛኝ ውሳኔ ነው፤ ያ ሥርዓት ጥንካሬ ያገኘው ከሰፈር የወጣ ወጣት ወደ ላይ ማየት ይችል ስለነበር ነው።

ከመነሻውም ቢሆን ውድድሩ እኩል አልነበረም። የመኳንንት ልጅ በካልሜካክ ይማራል፣ ሲዘምትም ወላጆቹ ስጦታ ሰጥተው አንጋፋ ተዋጊ አጠገቡ እንዲቆም ያደርጋሉ። የተራው ልጅ በቴልፖችካሊ እንጨት ሲሸከምና ቦይ ሲቆፍር አድጎ ከጓደኞቹ ጋር ይወጣል።

#11 ቋጥኝ

ማለዳ፣ በጣም ትክክል ብለሻል። እኔ ስለ ልብሱ አሠራር ላክል፤ ለትያትርም ለሥዕልም የሚሠሩ ሰዎች ተመሳሳይ ስህተት ይደጋግማሉና።

ከሥር የሚለበሰው ኢችካዊፒሊ ነው። በሁለት ጨርቅ መካከል ያልተፈተለ ጥጥ ጠቅጥቀው በስፌት ይይዙታል፤ ውፍረቱ ከአንድ ጣት ተኩል እስከ ሁለት ጣት ነው። ስፌቱ ከሳሳ ጥጡ ወደ ታች ይወርድና ደረቱ ባዶ ይቀራል፤ ስለዚህ ስፌቱ ጥቅጥቅ ማለት አለበት። ቀስትና ውርወራን በደንብ ስለሚያቆም ስፔናውያን ራሳቸው ብረታቸውን ትተው ለብሰውታል።

ከላዩ ትላዊስትሊ ይመጣል፤ እስከ እጅ አንጓና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሙሉ ልብስ ነው። የጃጓር ልብስ ከጃጓር ቆዳ ተቆርጦ የተሰፋ ይመስላቸዋል፤ ለግብር ይገቡ የነበሩት ግን በጨርቅ ላይ ላባ ተሰፍቶባቸው የጃጓሩ ነጠብጣብ በላባ ቀለም የወጣባቸው ናቸው። ላባ ቀላል ነው፤ በዚያ ሙቀት ሙሉ ቆዳ ለብሶ መዋጋት አይታሰብም። ላባ የሚሠሩት ባለሙያዎች አማንቴካ ይባላሉ፤ ትላቴሎልኮ ውስጥ አማንትላን የሚባል ሰፈር ነበራቸው። ኤዋትል የሚባለው እጅጌ የሌለው፣ ከታች እንደ ቀሚስ የሚዘረጋ የላባ ልብስ ግን የነገሥታትና የታላላቅ መኳንንት ነው፤ ለተራ ቴኪዋ አታልብሱት።

የጀርባ ምልክቱ በቀጭን እንጨትና በሸምበቆ ተዋቅሮ በደረት ላይ በሚያልፍ ማሰሪያ ይታዘላል። ከእጅ ነፃ መሆኑ ዋና ጥቅሙ ነው፤ ተሸካሚው በሁለት እጁ ይዋጋል። ጉዳቱ ደግሞ ከሩቅ መታየቱ ነው።

ስለ ማክዋዊትል፦ ጠንካራ እንጨት ነው፤ በሁለቱም ጠርዝ ላይ ቦይ ተፍቆ የባልጩት ስለቶች በሙጫ ይተከሉበታል። ባልጩት ከብረት በላይ ይቆርጣል፤ ጋሻ ወይም ብረት ሲመታ ግን ይሰበራል። ስለዚህ ስለቱ በሥጋ ላይ እንጂ በጋሻ ላይ አይባክንም። ለመማረክ ሲፈለግ እግር ላይ ይመታል ወይም በጠፍጣፋው ጎን ራስ ይመታል። እስከ ቅርብ ዘመን የቆየው እውነተኛ ማክዋዊትል በማድሪድ የንጉሣዊ መሣሪያ ቤት ነበር፤ በ1884 በተነሳው እሳት ተቃጠለ። ዛሬ የምታዩት ሁሉ ተመስሎ የተሠራ ነው።

#12 ዘርዓ ታሪክ

«ማዕረግ የሚገኘው በምርኮ ስለነበር ስፔናውያንን መግደል አቅቷቸው ተሸነፉ» የሚል ነገር በሰፊው ይነገራል። በዚህ ክር ላይ ያሉ ሰዎች ምን ይላሉ?

#13 የብራና ልጅ

ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ትልቁን ምክንያት ይሸፍናል።

እውነቱ፦ በሰኔ 1521 በጎዳናው ውጊያ የስፔናውያኑ አዛዥ ኮርቴስ ራሱ ተይዞ ነበር። እዚያው ከመግደል ይልቅ ጎትተው ሊወስዱት ሲሞክሩ ክሪስቶባል ደ ኦሌያ ደርሶ አስጣለው፤ ኦሌያ ሞተ፣ ኮርቴስ ተረፈ። የዚያን ጊዜ 53 ስፔናውያን ተማርከው ተሠውተዋል፤ ጭንቅላታቸው ከአራት ፈረሶች ጭንቅላት ጋር ተሰክቶ ለጠላት ታይቷል። ያኔ ምርኮ ጠላትን ማሸበሪያም ነበር።

ነገር ግን በ1520 መጨረሻ ፈንጣጣ ገብቶ ንጉሥ ክዊትላዋክን በነገሠ በ80 ቀን ገደለው፤ ብዙ ባለማዕረግም አብሮ አለቀ። ከቻፑልቴፔክ የሚመጣው ውኃ ተቆረጠ፣ 13 ባለመድፍ የስፔናውያን ጀልባዎች ከተማው የቆመበትን ሐይቅ ያዙ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የትላሽካላና የሌሎች ከተሞች ተዋጊዎች ከስፔናውያን ጋር ተሰለፉ። እነዚያ አጋሮችም በዚያው የምርኮ ሥርዓት ያደጉ ናቸው፤ በሥርዓቱ ምክንያት የሚሸነፍ ቢሆን እነሱም ይሸነፉ ነበር።

ከማዕረጉ ጋር በቀጥታ የተያያዘው እውነተኛ ድክመት የኦቱምባው ነው፤ ሐምሌ 7 ቀን 1520 በአውሮፓ አቆጣጠር። ቋጥኝ የጠቀሰው የጀርባ ምልክት ሠራዊቱ የሚያየው ዓይን ነው፤ ሰንደቁ ሲሄድ ክፍሉ ይሄዳል፣ ሰንደቁ ሲወድቅ ክፍሉ ማን እንደሚያዝዘው አያውቅም። ኮርቴስ ከጥቂት ፈረሰኞች ጋር ታላቁን ሰንደቅ ወዳዘለው አዛዥ በቀጥታ ሰንጥቆ ገባ፤ ሁዋን ደ ሳላማንካ አዛዡን ገድሎ ምልክቱን ወሰደ። ያ ታላቅ ሠራዊት ተበተነ። በእግረኛ ጦርነት ሰንደቁን ከብበው የሚጠብቁት አንጋፋዎች ይበቁ ነበር፤ በዚያ ፍጥነት የሚደርስ ፈረስ ግን ሥርዓቱ ሲቀረጽ አልነበረም።

#14 ሐይቅዳር

በጦሩ መጨረሻም ማዕረጎቹ እየሠሩ ነበር፤ በፍሎረንቲን ኮዴክስ 12ኛ መጽሐፍ በስም ተጽፈዋል። ትሲላካትሲን የሚባል ኦቶሚ ትላቴሎልኮ ላይ በትላልቅ ድንጋይ ስፔናውያንን ይመታ ነበር። እየለዩ ስላደኑት በየቀኑ ልብሱን ይለዋውጥ ነበር፤ አንድ ቀን በኦቶሚ አለባበስ፣ ሌላ ቀን በጥጥ ጥሩር ብቻ። ልብስ ማዕረግ የሚናገር ከሆነ ጠላትም ያነበዋል፤ እሱ ይህን ተረድቶ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ቀናት የመጨረሻው ንጉሥ ክዋውቴሞክ የአባቱን የአዊትሶትልን የኬትሳል ጉጉት ልብስ አውጥቶ ትላፓልቴካትል ኦፖችትሲን ለሚባል ጀግና አለበሰው። ላባው ሲዘረጋ ስፔናውያን ደነገጡ፣ ምርኮኞችም ተያዙ። ከተማው ግን ነሐሴ 13 ቀን 1521፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ወደቀ።

#15 ማለዳ

ካህናትና ነጋዴዎችም ይዘምቱ ነበር ይባላል። በየትኛው ሥርዓት ይቆጠራሉ? ደግሞስ አራቱን አለቆች በሥዕል ማየት የሚፈልግ የት ያገኛል?

#16 አምባ ነጋሪት

ካህናቱ ከቅጠል 64 በሚቀጥለው ገጽ፣ በ65 የፊት ገጽ፣ የራሳቸው ተርታ አላቸው። ከአንድ እስከ ስድስት ምርኮ ይቆጠራል፤ ስድስት ያመጣው የተኩላ መሰል እንስሳ፣ የኮዮት፣ ልብስ ለብሷል። ልብሶቹ ከተዋጊዎቹ ጋር አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ከ64 ጋር አታደባልቋቸው።

ፖችቴካ የሚባሉት የሩቅ አገር ነጋዴዎች በአዊትሶትል ዘመን በአዮትላን በኩል አራት ዓመት ተከብበው ተዋግተው ማርከው ተመልሰዋል፤ ንጉሡም የአምበር ከንፈር ጌጥ ፈቀደላቸው። ጌጡን የሚያደርጉት ግን በራሳቸው በዓላት እንጂ በየቀኑ አልነበረም፤ መኳንንቱን ማስቀናት አይፈልጉም ነበርና።

አለቆቹን በሚመለከት፣ ቅጠል 67 የፊት ገጽ ታች ክፈቺ። ትላካቴካትል፣ ትላኮችካልካትል፣ ዊትስናዋትልና ቲኮስያዋካትል እዚያ በየስማቸው አሉ። ስሞቹ ከላይ ከጻፍኳቸው የምክር ቤቱ አራት ሹሞች ጋር ሁለቱ ብቻ ይገጥማሉ፤ እዚያ የተሣሉት የምክር አባላት ሳይሆኑ የሜዳ አዛዦች ናቸው። ስሙን ሳታነቢ በልብሱ ብቻ አትለዪ፤ ከጎኑ ያለውን የስም ምልክት ተከተዪ።